ስማችንና ዲጂታሉ የሕክምና መዝገብ

በአገር ቤት ሆስፒታል ታክሞ ያደገ ሰው ካርድ ክፍልን አይረሳውም። ካርዱ ጠፋ ከተባለ አዲስ ይወጣል፤ የቀደመው የሕመም ታሪክ ግን ከጠፋው ጋር ይቀራል። ዲጂታል መዝገብ ይህን ችግር ያስወግዳል ሲባል በአብዛኛው እውነት ነው። በውጭ አገር ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ግን ካርዱ እያለ ባለቤቱ የሚጠፋበት ሌላ በር ተከፍቷል።

አሜሪካ ውስጥ ለእያንዳንዱ ታካሚ የሚሰጥ አገር አቀፍ የጤና መለያ ቁጥር የለም። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሂፓ» የተባለው ሕግ እንዲህ ያለ ቁጥር እንዲዘጋጅ አዝዞ ነበር፤ ኮንግረሱ ግን ብዙ ሳይቆይ ለዚሁ ሥራ የፌዴራል ገንዘብ እንዳይወጣ ከለከለ። ስለዚህ አንዱ ሆስፒታል ከሌላው መዝገብ ሲፈልግ ሰውየውን የሚለየው በዋናነት በስም፣ በትውልድ ቀንና በጾታ ነው።

ገብረ መድኅን የተባለ ሰው በአንዱ ክሊኒክ ስሙ «ገብረ» ብቻ ሆኖ «መድኅን» ወደ መካከለኛ ስም ይሻገርበታል፤ በሌላው ሁለቱ ተጋጥመው ይጻፋሉ። ፀሐይን በላቲን ፊደል አንዱ በ«ቲ»፣ ሌላው በ«ኤስ» ይጀምራታል። የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ አንዴ የአባት፣ አንዴ የአያት ስም ይገባል።

የትውልድ ዘመኑ ከዚህ ይብሳል። በ1965 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ቁጥሩ ሳይለወጥ በፈረንጆች አቆጣጠር ከተመዘገበ በአንድ ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። (ቀኑን የማያውቅ ስደተኛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 1 ይሰጠዋል።) ላቦራቶሪ የኩላሊትን የማጣራት አቅም የሚገምተው ከደም ክሬቲኒን፣ ከዕድሜና ከጾታ ተነሥቶ ነው፤ ዕድሜ ያለአግባብ ሲጨመር ግምቱ ከእውነቱ ዝቅ ይላል። የአንዳንድ መድኃኒቶች መጠን የሚወሰነውም በዚሁ ግምት ነው። መዝገቡ ለሁለት ከተከፈለ ደግሞ የፔኒሲሊን አለርጂው በአንዱ ተጽፎ፣ ሐኪሙ የሚያነበው ሌላውን ሊሆን ይችላል።

ጥፋቱን «ቅጹን በትክክል አልሞላህም» ብሎ በታካሚው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ቅጹ የተዘጋጀው የአንድን ሕዝብ የአሰያየም ልማድ ብቻ አስቦ ነው። ሆስፒታሎች የታካሚውን ሌሎች የስም አጻጻፎች ጠይቀው ቢመዘግቡ ብዙ ስሕተት ይቀንሳል። አገር ቤት ያሉ የሕክምና ተቋማት ወደ ኮምፒዩተር ሲሻገሩም ይህንኑ የውጭ ቅጽ እንዳለ እንዳይገለብጡ እሰጋለሁ። የራሳችን ፊደልና የራሳችን ዘመን አቆጣጠር እያሉን ምን አስገደደን?

እስከዚያው ግን መዝገባችንን የማየት መብት አለን። በአሜሪካ ታካሚ መዝገቡን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ማግኘት፣ ስሕተት ሲያገኝም እንዲታረም መጠየቅ ይችላል፤ በአውሮፓ ኅብረትም የግል መረጃ ጥበቃ ደንቡ የማረም መብት ይሰጣል። እናቶቻችንን ለምርመራ ስንወስድ ለአስተርጓሚነት ብቻ አንቁም፤ ስማቸው እንዴት እንደተጻፈ፣ የትውልድ ዘመናቸው በየትኛው አቆጣጠር እንደሰፈረ፣ የአለርጂው ዝርዝር ባዶ አለመሆኑን በዓይናችን እንይ።