ፒያኖ የሚማር ሰው እጁን ከመገተር ስለ መጠበቁ

ልጆቻቸውን ፒያኖ የሚያስተምሩ ወላጆች፥ ልጁ ልምምዱን ጨርሶ ክንዱን እያሸ «ደነደነብኝ» ቢላቸው፥ አንዳንዶቹ ስንፍና ነው ብለው ይቈጡታል፤ ሌሎቹም የትጋት ምልክት ነው ብለው ደስ ይላቸዋል። ሁለቱም ልክ አይደለም። የክንድ መገተር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሥራው ብዛት ብቻ ሳይሆን ሥራው ከማይፈልገው ትርፍ ኃይል ነውና፥ ይህን ለይቶ ማወቅ ለልጁ ጤና ለዜማውም ጣዕም ይጠቅማል።

አስቀድሞ የመሣሪያውን አሠራር መረዳት ይገባል። ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት። አንዱን ቁልፍ ዝቅ ለማድረግ የሚበቃው ክብደት 50 ግራም ያህል ነው፤ የሚወርደውም አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጣት ቁልፉን ሲጫነው በውስጥ ያለችው ትንሽ መዶሻ ተስፈንጥራ የብረቱን ክር ትመታና ወዲያው ትመለሳለች። ከዚህ በኋላ ተማሪው ቁልፉን ምንም ያህል አጥብቆ ቢጫነው፥ የሚጨምረው የክንዱ ድካም እንጂ ድምፁ አይደለም።

ሁለተኛም የእጅን አፈጣጠር ማስተዋል ነው። ጣትን የሚያጥፉና የሚዘረጉ ታላላቆቹ ጡንቻዎች ያሉት በጣት ላይ ሳይሆን በክንድ ላይ ነው፤ ጅማቶቻቸው በእጅ አንጓ በኩል አልፈው ወደ ጣት ይደርሳሉ። የሚያጥፈውና የሚዘረጋው ጡንቻ በአንድ ጊዜ ሲሳቡ፥ ሁለት ሰዎች አንድ ገመድ ግራና ቀኝ እንደሚጓተቱ ነውና፥ ጣት ይከብዳል፤ ክንድም ይደነድናል።

በእኛ በካፋ ምድር ይህን የሚያሳየን ምሳሌ ከየቤታችን አይጠፋም። በቦንጋ ቡና የምትወቅጥ ባለሙያ ሴት ዘነዘናውን ታነሣዋለች እንጂ ወደ ታች አትታገለውም፤ በገዛ ክብደቱ ወርዶ ቡናውን ያደቀዋል። ገና የምትለማመደው ግን ትከሻዋን ሰቅላ ዘነዘናውን አንቃ ትይዛለችና ቶሎ ይደክማታል። የፒያኖም ነገር እንዲሁ ነው፤ የክንድ ክብደት ይውረድ፤ ድምፁ ከወጣ በኋላም እጅ ይረፍ።

ይህን ቸል ማለት የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። የጀርመኑ ሮበርት ሹማን (እ.ኤ.አ. 1810–1856) በወጣትነቱ ታላቅ የፒያኖ ተጫዋች ለመሆን ሲደክም የቀኝ እጁ ጣት አልታዘዝ ስላለው፥ ተጫዋችነቱን ትቶ ዜማ ወደ መድረስ አዘነበለ። አሜሪካዊው ሊዮን ፍላይሸርም በ1964 እ.ኤ.አ. የቀኝ እጁ ጣቶች እምቢ ስላሉት፥ ብዙ ዘመን በግራ እጁ ብቻ ሲጫወት ኖረ። ካገራችንም እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ (1916–2015 ዓ.ም.) በካይሮ ሲማሩ በየቀኑ አምስት ሰዓት ፒያኖ፥ አራት ሰዓት ቫዮሊን ይለማመዱ እንደ ነበር ይነገራል። ነገር ግን ይህን የሰማ ወላጅ ልጁን ዘጠኝ ሰዓት እንዳያስቀምጠው፤ እርሳቸው ሙዚቃን ከልጅነታቸው በስዊስ አገር ጀምረው የመጡ ነበሩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ስለዚህ እነዚህን መጠበቅ ይበጃል።

የወንበሩ ከፍታ ክርን ከቁልፎቹ ጋር ትክክል እንዲሆን ይስተካከል፤ እግሩ መሬት የማይደርስ ሕፃን መርገጫ ይደረግለት። ትከሻ አይሰቀል፤ የእጅ አንጓም አይጣመም።

ክረምቱ በሚረዝምበት በእኛ አገር ጠዋት እጅ ይቀዘቅዛልና፥ አስቀድሞ በሞቀ ውሃ ታጥቦ በቀላል ዜማ መጀመር መልካም ነው።

አስቸጋሪው ክፍል በዝግታ ይጠና፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ በጥድፊያ የተጠና ዜማ ከነመገተሩ ይለመዳል።

ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ከተጫወቱ በኋላ ተነሥቶ እጅን አንጠልጥሎ ማፍታታት ይገባል። ጣትን በኃይል መጐተትና መለጠጥ ግን አይገባም።

የተራ ድካም በዕረፍት ይለቃል። ሕመሙ ከተደጋገመ፥ ጣት ከደነዘዘ፥ ወይም ሌሊት እጅ እየነዘረ ከቀሰቀሰ፥ ልምምዱን አቁሞ ሐኪም ማማከር ነው፤ በቦንጋም የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል አለ። ያበጠን ወይም የደነዘዘን እጅ ሐኪም ሳያየው ለወጌሻ መስጠት ጉዳቱን ሊያብሰው ይችላል።

ይህ ምክር ቀኑን ሙሉ ብዕር ጨብጠን ለምንውል ወይም በኮምፒዩተር ለምንጽፍ ጸሐፊዎችም ይሆናል። ወላጅ ሆይ፤ ልጅህ «አመመኝ» ሲል ቃሉን ስማው። እየታመመ እንዲጫወት የተገደደ ልጅ ዜማውን መጥላቱ አይቀርም፤ በጊዜው ያረፈ እጅ ግን ነገም ይጫወታል።