አማካይ ቁጥር ወንበር ላይ አይቀመጥም

በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ ይማር የሚለው ጥያቄ ለሂሳብ ሹሞች ብቻ የሚተው ነገር መስሎ ይታያል። የእኛ አስተያየት ግን ከዚህ የተለየ ነው። ልኩን መወሰን የሥራው ግማሽ ነው፤ የቀረው ግማሽ ልኩ እንዴት ይቆጠራል፣ ከልኩ ያለፈው ልጅስ ወዴት ይመደባል የሚለው ነው።

የክፍል ማነስ ጥቅም እንዳለው የሚያስረዳ ማስረጃ አለ። በአሜሪካ በቴኔሲ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1985 በተጀመረው ጥናት ሕፃናትና አስተማሪዎች በዕጣ ተመድበው ከ13 እስከ 17 ተማሪ የያዙ ክፍሎች ከ22 እስከ 25 ከያዙት ጋር ለአራት ዓመት ተነጻጸሩ። በትንንሾቹ ክፍሎች የተማሩት በንባብም በሂሳብም በለጡ፤ ከሁሉ ይልቅ የተጠቀሙትም የጥቁሮችና የድኾች ልጆች ሆኑ።

እ.ኤ.አ. በ2002 የፍሎሪዳ ሕዝብ በድምፁ የግዛቱን ሕገ መንግሥት አሻሽሎ፣ እስከ 3ኛ ክፍል 18፣ ከ4ኛ እስከ 8ኛ 22፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ 25 ተማሪ ከፍተኛው ልክ እንዲሆን ወሰነ። ለማስፈጸሚያም እስከ 2010 ጊዜ ተሰጠ። ዳሩ ግን ውሎ አድሮ፣ ወላጆች መርጠው ልጆቻቸውን የሚያስገቡባቸው ትምህርት ቤቶች በየክፍሉ መቆጠራቸው ቀርቶ በትምህርት ቤቱ አማካይ እንዲለኩ ሕጉ ፈቀደ። ብዙ ወረዳዎችም ትምህርት ቤቶቻቸውን «የምርጫ» ብለው ሰየሙ።

የዚህ ትርጉሙ ምንድር ነው? አንዱ ክፍል 30፣ ሌላው 14 ተማሪ ቢይዝ አማካዩ 22 ነው። ሂሳቡ ተዘጋ፤ ሕጉም ተፈጸመ። በሠላሳው ክፍል የተቀመጠው ልጅ ግን ምን አገኘ?

እርግጥ ነው፣ የወረዳ ኀላፊዎችም ችግር አለባቸው። በዓመቱ አጋማሽ 23ኛው ልጅ ቢመጣ ክፍሉን ለሁለት መክፈል ወይም ልጁን ከሰፈሩ አርቆ መላክ ቀላል አይደለም። ለዚህ መድኀኒቱ ግን ጊዜው የተወሰነና ለሁሉ የታወቀ ጥቂት መተላለፊያ መፍቀድ ነው እንጂ ልጁን በአማካይ ውስጥ መደበቅ አይደለም።

ይህ ነገር ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአገራችን የትምህርት ልማት መርሐ ግብሮች የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል ለአንደኛ ደረጃ 50፣ ለሁለተኛ ደረጃ 40 ተማሪ ነው። አፈጻጸሙ የሚገለጸው ግን በክልልና በአገር አማካይ ነው። በአማካዩ ውስጥ የተጨናነቀውና የሰፋው ክፍል ተደባልቀው ይጠፋሉ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ቁጥሩ በየክፍሉ ይቆጠር፤ በየትምህርት ቤቱ በርም ይለጠፍ። ምደባው በመኖሪያ ሰፈር ወይም በዕጣ፣ በግልጽ ደንብ ይሁን እንጂ በአማላጅ አይሁን። አዲስ አስተማሪ ሲቀጠርም ከልኩ አብልጦ ላለፈው ክፍል ቅድሚያ ይሰጥ።

ከመካከላችን ብዙዎቻችን ነገ ጠመኔ ይዘን እፊታቸው የምንቆመው እነዚህ ልጆች ናቸውና፣ አስተማሪዎቻችንም ጓደኞቻችንም ነገሩን ከዛሬው እንዲያስቡበት እናሳስባለን።