የተናቀው ፍልጠትና የተጋነነው መርፌ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአበው ብሂል። መልካም። በሽተኛው ሳይደብቅ ሰሚው አላምንም ሲልስ? በጅቡቲ ከተማ መውጫ፣ የኢትዮጵያ ከባድ መኪኖች በሚተላለፉባት በፔካ 12፣ «ራሴን ይፈልጠኛል» የሚል ሾፌር የሚያገኘው መልስ የታወቀ ነው፤ «ሙቀቱ ነው፤ ክኒን ዋጥ አድርገህ ተኛ» ይባላል። ከምድጃ ፊት የምትውል ወጥ ሠሪ ብትናገርማ «ሰበብ ፈለገች» ትባላለች።

ማይግሬን ግን ሰበብ ሳይሆን የነርቭ ሥርዓት ሕመም ነው። ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል፤ ብዙውን ጊዜ አንዱን የራስ ወገን እየወቀረ፣ እያቅለሸለሸ፣ ብርሃንና ድምፅ እያስጠላ በሽተኛውን ከሥራ ያውለዋል። አበው ሕመሙን «ፍልጠት» ያሉት በከንቱ አይደለም፤ እንጨት በመጥረቢያ የሚፈለጥበትን ግሥ ለራስ ያዋሱት ስቃዩን አይተው ነው። ቋንቋው ያመነውን ሕመም ተናጋሪው ሊክደው አይገባም።

ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት ሕክምናዎች አንዱ በተለምዶ ቦቶክስ የሚባለው የቦቱሊነም መርዝ መርፌ ነው። ስለ እርሱ ሁለት ዓይነት ወሬ ይነዛል፤ ሁለቱም ያሳስታሉ።

የመጀመሪያው «መርዝ ነው፤ ደግሞም የሀብታም ሴቶች የፊት ማሳመሪያ ነው» የሚለው ነው። መርዝነቱ እውነት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጀርመናዊው ሐኪም ዩስቲኑስ ኬርነር፣ የተበላሸ ቋሊማ የበሉ ሰዎችን ሽባ እያደረገ እንደሚገድል መዝግቧል። ነገር ግን በአማርኛ «መድኃኒት አበላችው» ሲባል ፈውስ ማለት ነውን? መድኃኒትንና መርዝን የሚለየው መጠኑና የሚሰጠው እጅ መሆኑን ቋንቋው ቀድሞ ያውቃል። ቅንጦት ነው የሚለው ደግሞ ታሪኩን ይገለብጣል። አሜሪካ መርዙን በመድኃኒትነት የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1989 ለዓይን መንሸዋረርና ለዓይን ሽፋን መኮማተር ነበር፤ ለግንባር መጨማደድ የተፈቀደው ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ2002 ነው። ለአንገት መጣመም፣ ከስትሮክ በኋላ ለሚመጣ የጡንቻ መገተር፣ ከመጠን ላለፈ የብብት ላብና ሽንት መያዝ ለሚያቅተው ፊኛም ይሰጣል። ሥር ለሰደደ ማይግሬን ብሪታንያና አሜሪካ የፈቀዱት በ2010 ነው።

ሁለተኛው ወሬ «አንድ መርፌ ይገላግላል» የሚለው ነው። ይህኛው የባሰ ነው፤ የሚያነጣጥረው ተስፋ በቆረጠ ሰው ኪስ ላይ ነውና። መርፌው የተፈቀደው በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ራሱን ለሚያመው፣ ከእነዚህም ቢያንስ 8ቱ የማይግሬን ቀናት ለሆኑበት አዋቂ ነው። በወር ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ለሚያመው ጥቅሙ አልተረጋገጠም። አሰጣጡም 155 ዩኒት በግንባር፣ በራስ ጎንና ጀርባ፣ በአንገትና በትከሻ በ31 ነጥቦች ላይ ሲሆን በየ12 ሳምንቱ ይደገማል። ግንባርን ጥቂት ጊዜ ወግቶ «ማይግሬን አከምኩ» ማለት ማታለል ነው።

ጥቅሙስ ምን ያህል ነው? 1,384 ሰዎች በተካተቱባቸው ሁለት ትልልቅ ጥናቶች፣ ከ24 ሳምንት በኋላ መርዙን ከተወጉት ሰዎች የወር የሕመም ቀናት በአማካይ 8.4 ሲቀነስ፣ መድኃኒት የሌለበት መርፌ ከተወጉት 6.6 ተቀንሷል። ልዩነቱ ሁለት ቀን አይሞላም። ለተሠቃየ ሰው ይህም ቀላል አይደለም፤ ተአምር ብሎ መሸጥ ግን ነውር ነው። አምራቹ አለርጋን ራሱ፣ መርፌውን ከመፈቀዱ በፊት ለራስ ምታት ጭምር በማስተዋወቁ በ2010 ጥፋተኝነቱን አምኖ 600 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። የዓይን ሽፋን መውደቅና የአንገት ሕመም ሊያስከትል ይችላል፤ አልፎ አልፎም መዋጥና መተንፈስ ያስቸግራል። ብልቃጡ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት በጅቡቲ፣ በሻንጣ ተይዞ የመጣ ብልቃጥ ምን ዋስትና አለው?

ከመርፌው የሚቀድሙ፣ ዋጋቸውም የማይከብድ እርምጃዎች አሉ። ሕመሙ የመጣበትን ቀንና የተዋጠውን ክኒን በደብተር መጻፍ ከእነዚህ አንዱ ነው። ማስታገሻ ክኒን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ሲወሰድ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል፤ ደብተሩ ይህን ያጋልጣል። ጫት የነጠቀውን እንቅልፍ መመለስም ሕክምና ነው። ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን የመሳሰሉ ነባርና ርካሽ መከላከያዎችን ሐኪም ሊያዝ ይችላል፤ አስም ላለበት ግን ፕሮፕራኖሎል አይሆንም። ድንገት የፈነዳ ከባድ ራስ ምታት፣ ወይም ትኩሳት፣ የአንገት መገተር፣ የእጅ መዛልና የአንደበት መያዝ የታከለበት ሕመም ለነገ የሚባል አይደለም፤ በቶሎ ሐኪም ቤት መድረስ ያሻል።

ለፔካ 12 ዝምታን መስበር እንግዳ ነገር አይደለም። በ2000ዎቹ ዓመታት ለከባድ መኪና ነጂዎችና ለነዋሪዎች ስለ ኤች አይ ቪ ትምህርትና ምክር የሚሰጥበት ማዕከል ነበራት፤ ስሙን መጥራት ያሳፍር የነበረ በሽታ እዚያ ተነገረ። ያ ከተቻለ ስለ ፍልጠት መናገር ምን ያዳግታል? የመኪናው ባለቤት ፍልጠት የያዘው ሾፌር መሪ እንዳይጨብጥ የዕረፍት ቀን ይስጠው። መድኃኒት ሻጩ ክኒኑን ከማቀበሉ በፊት «በወር ስንት ቀን ትወስዳለህ?» ብሎ ይጠይቅ። መርፌ የሚወጋውም ገንዘቡን ከመቀበሉ አስቀድሞ ማንን እንደሚጠቅም፣ ማንን እንደማይጠቅም በግልጽ ይናገር።