በሽቦ የታሰረው መስኮት

አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ ገብቶ ቀና ብሎ ያየ ሰው ከመስኮቶቹ ብዙ ነገር ያነባል። አንዱ በሽቦ ታስሯል። ሌላው በተገመደ ፌስታል ከብረት ፍርግርጉ ጋር ተቋጥሯል። ሦስተኛው እንዳይንኳኳ የታጠፈ ካርቶን ተወትፎበታል። አራተኛው እጀታው ከተሰበረ ወዲህ የነካው ስለሌለ ከተከፈተ ዓመታት አልፈውታል። ቤቱ ውስጥ ሲገባ ግን ጂፕሰም ኮርኒስ አለ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ፣ አዲስ መጋረጃ አለ። መጋረጃው ከሚሸፍናቸው ነገሮች አንዱ ሽቦው ነው።

ይህን የድህነት ጉዳይ አድርጎ የሚያይ ተሳስቷል። የመስኮት እጀታ ቤት ውስጥ ካሉ ዕቃዎች ሁሉ ዋጋው ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። መስኮቱን በሽቦ ያሰረው ሰው በአብዛኛው እጀታ መግዣ አጥቶ አይደለም። እጀታውን መግዛት ያለበት ማን እንደሆነ ስላልተነጋገሩ ነው። የኪራይ ቤት ትልቁ በሽታ ይኸው ነው፦ ሁለት ሰው ይጠቀምበታል፣ አንድም ሰው አይጠግነውም።

ንግግሩ ጀሞም ይሁን የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱም ይሁን ኮዬ ፈጬ አንድ ዓይነት ነው።

«እትዬ፣ የመኝታ ቤቱ መስኮት አልዘጋ ብሏል። እጀታው ወልቋል።»

«ውይ የኔ ልጅ! ስትገቢ ደህና ነበር እኮ።»

«ኧረ እትዬ፣ ያኔም ላላ ያለ ነበር።»

«እንግዲህ የምትኖሪበት አንቺ ነሽ። አንድ ሠራተኛ ጠርተሽ አስነኪው።»

ተከራይዋ ስልኩን ዘግታ «የሰው ቤት ጠግኜ ነገ ውጪ ብባልስ?» ትላለች። አከራይዋም በበኩሏ «ኪራዩ ለምንም አልበቃኝ፣ ደግሞ እጀታ ልግዛ?» ትላለች። ሁለቱም ለራሳቸው ትክክል ናቸው። በመሃል ሽቦ ይገባል። ሽቦው ለአንድ ሌሊት ተብሎ ይታሰርና ሦስት ክረምት ያልፍበታል።

ነገሩ ትንሽ አይደለም

«ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው» ይባላል። የተሰበረ እጀታም እንደዚያው ነው። ምድር ቤት ላይ ከሆነ ለሌባ በር ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆነ ደግሞ ሶፋ ላይ ወጥቶ መስኮት መግፋት ለሚወድ ሕፃን ገደል ነው። ሽቦ ለንፋስ እንጂ ለሕፃን ክብደት መመኪያ አይሆንም።

የማይዘጋው መስኮት ይታያል፤ የማይከፈተው ግን ከዚያ ይብሳል። ክረምት ሲገባ ከሰል አቀጣጥሎ ቤት ማሞቅ፣ ቡና አፍልቶ ምድጃውን እዚያው መተው የተለመደ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። የሚነድ ከሰል ክፍል ውስጥ አስቀምጦ መተኛት መስኮት ቢከፈትም እንኳ አያስተማምንም። እጀታው ተሰብሮ በምስማር በተመታ መስኮት ሥር ደግሞ የቤተሰቡ ብቸኛ መተንፈሻ ተደፍኗል ማለት ነው። ጉዳዩ እንግዲህ የጌጥ አይደለም፤ የሕይወት ነው።

እጀታው ለምን ይሰበራል?

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእጀታው አይደለም። በቆዩት ኮንዶሚኒየሞች ያለው የኤል ቲ ዜድ ብረት መስኮት የሚዞረው በማጠፊያው ነው። ማጠፊያው ዘይት ካላየ ይዝጋል። ከዚያ ቀለም ቀቢ ይመጣና ማጠፊያውንም እጀታውንም ክፈፉንም አንድ ላይ ይለቀልቃቸዋል። ቀለሙ ሲደርቅ መስኮቱ ከክፈፉ ጋር ይጣበቃል። ነዋሪው እጀታውን ጨብጦ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጎትታል። እጀታው ግን የተሠራው ለመቆለፍና በቀላሉ ለሚዞር መስኮት ነው፤ የዛገ ብረት እንዲያላቅቅ አይደለም። መጀመሪያ ብሎኑ ይላላል፣ ቀጥሎ ክፈፉን የሚይዘው ምላሱ ይበላል፣ በመጨረሻ ይወልቃል።

በአዳዲስ አፓርታማዎች ያለው ተንሸራታች የአሉሚኒየም መስኮትም ታሪኩ ያው ነው። ከሥሩ ትንንሽ ጎማዎች አሉት። የሚሄድበት ሐዲድ አቧራና አሸዋ ሲሞላ ጎማዎቹ መዞር ትተው ይጎተታሉ፣ ይፋቃሉ። መስኮቱ ይከብዳል። ሰውየው ሁለት እጁን አስገብቶ ይስባል፤ መያዣው ይገነጠላል። ሐዲዱ ሳይጠረግና ጎማው ሳይቀየር አዲስ መያዣ ቢገጠም የሚጠብቀው ያው ዕጣ ነው።

ስለዚህ ጥገናው የሚጀምረው ከእጀታው አይደለም። ማጠፊያውን በሽቦ ብሩሽ ከዝገትና ከቀለም ማጽዳት፣ ጥቂት ጠብታ የማሽን ዘይት ማጠጣት፣ መስኮቱ በአንድ ጣት እስኪገፋ ድረስ ደጋግሞ ማዘዋወር ያስፈልጋል። ከዚያ በካቻቪቴ የላላውን ብሎን ማጥበቅ ነው። ምላሱ ትንሽ ብቻ ከተበላ፣ ብሎኑም የሚፈታ ዓይነት ከሆነ፣ ክፍተቱን የሚሞላ ስስ ሮንዴላ ሊያድነው ይችላል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንን ነው። ለዚህ ሁሉ አንድ የእሑድ ጠዋት ይበቃል።

«ሙሉውን ቀይሩት»

እዚህ ላይ ሦስተኛው ተጠያቂ ይመጣል። ሁሉም ባይሆኑም ብዙ ሠራተኞች ሲጠሩ ገና መስኮቱን ሳይነኩ «ይሄ አይሠራም፣ ሙሉውን በአሉሚኒየም ቀይሩት» ይላሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከአንድ እጀታ የሚገኘው የእጅ ዋጋ ከአንድ ሙሉ መስኮት ትርፍ ጋር አይወዳደርም። ደንበኛው ዋጋውን ይሰማል፣ ይደነግጣል፣ ወደ ሽቦው ይመለሳል። ሙሉውን መቀየር አቅም ለሌለው ሰው «ሙሉውን ቀይር» ማለት «አትጠግን» ማለት ነው። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ምን ያህል እንደናረ ለሚያውቅ ቤተሰብ ደግሞ ይህ ምክር ቀልድ ነው።

እውነቱ ግን እጀታ ለብቻው የሚቀየር ዕቃ ነው። ወደ ውስጥ የሚከፈቱት የአውሮፓ ሥሪት የሆኑ የአሉሚኒየምና የፕላስቲክ መስኮቶች ላይ የእጀታው ሥር ሽፋን ትንሽ ሳብ ተደርጎ ሩብ ዙር ሲዞር ከሥሩ ሁለት ብሎኖች ይወጣሉ። በብዙዎቹ ላይ የሁለቱ ብሎኖች ርቀት ከመሃል እስከ መሃል 43 ሚሊ ሜትር ነው፤ ውስጥ የሚገባው አራት ማዕዘን ዘንግ ውፍረት ደግሞ 7 ሚሊ ሜትር። የሚለያየው የዘንጉ ርዝመት ነው። ስለዚህ አሮጌውን ፈትቶ፣ በእጅ ይዞ፣ ወደ ሕንፃ መሣሪያ ሱቅ መሄድ ነው። በቃል ነግሮ የሚገዛ ሰው ሁለት ጊዜ ይገዛል።

ሲገዛም ማየት ያስፈልጋል። የሚያብረቀርቁት ርካሽ እጀታዎች ብዙዎቹ ከዚንክ ቅይጥ በቅርጽ የፈሰሱ ናቸው። ሳይታጠፉ ድንገት ቀጭ ይላሉ፤ ሰፈር ያለው በያጅም ሊበይዳቸው አይችልም። የብረት እጀታ ግን ይበየዳል፣ ይሞረዳል፣ ዳግም ይሠራል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ብረት አዲስ ዕቃ ሲያወጡ የሚውሉ ባለሙያዎች እያሉ «መለዋወጫ የለውም» የሚል ሠራተኛ ያልፈለገ እንጂ ያጣ አይደለም። መስኮቱ ላይ እንዳለ ይበየድ ከተባለ ግን መስታወቱ ቀድሞ ይውጣ፤ ሙቀቱ ይሰነጥቀዋል።

ታዲያ ከፋዩ ማን ነው?

ለዚህ መልስ አዲስ ፍልስፍና አያስፈልግም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የበርና የመስኮት ጥቃቅን ጥገናን በተከራይ ላይ ይጥላል፤ ጉዳቱ ከዕቃው እርጅና ብቻ የመጣ ሲሆን ግን ሸክሙን ከተከራዩ ያወርዳል። ፍርዱ ሚዛናዊ ነው። በጩኸትና በኃይል ሰብረህ ከሆነ ክፈል፤ አርጅቶ ከሆነ ግን ባለቤቱ ይክፈል። አስቸጋሪው ነገር ሰውየው ሲገባ እጀታው ምን ዓይነት እንደነበር የሚመሰክር ወረቀት አለመኖሩ ነው።

አከራዮች የሚያነሱት ቅሬታ ሐሰት አይደለም። ቤት አፍርሶ የሚወጣ ተከራይ አለ። በአንድ ዓመት በሩንም ቧንቧውንም እጀታውንም ጨርሶ ቁልፉን ጎረቤት ጋር ጥሎ የሚሄድ አለ። ግን ይህ ቅሬታ የሚያመለክተው ወደዚያው ወረቀት ነው። ሲገባ የነበረው ካልተጻፈ ሲወጣ የጎደለው በምን ይታወቃል? አጥፊውም ጠንቃቃውም ተከራይ በአንድ ዓይን ይታያሉ።

አሁን ደግሞ ሰበብ የለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ሁለት ዓመት አንድ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው የሁለት ቀን እንግዳ አይደለም፤ የሰው ቤት ነው ብሎ መስኮቱን በሽቦ አስሮ ሊኖር አይገባውም። ሁለት ዓመት ኪራይ የሚቀበል ባለቤትም «የምትኖሪበት አንቺ ነሽ» ብሎ ሊያልፍ አይገባውም። ውሉ በጽሑፍ ከሆነ አንድ ገጽ መጨመር ቀላል ነው፦ ስንት መስኮት አለ፣ የትኛው ይዘጋል፣ የትኛው እጀታ ላልቷል፣ የትኛው ማጠፊያ ዝጓል። ከጎኑ በስልክ የተነሳ ፎቶ ይያያዝ። ሁለቱም ይፈርሙ። ያረጀውን አከራይ ይቀይር፣ ዘይትና ብሎን ማጥበቅ የተከራይ ይሁን፣ ተከራይ ከኪሱ ያወጣውም በደረሰኝ ከኪራዩ ይቀነስ። ይህን ለመስማማት ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልግም፤ ቁልፍ ከመረካከብ በፊት ሩብ ሰዓት ይበቃል።

ከተማዋ ባለፉት ዓመታት በኮሪደር ልማት ፊቷን ታጥባለች። በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ ሕንፃዎች ቀለም ተቀብተዋል፣ መብራት ተገጥሞላቸዋል። ፊት ማጠብ ክፉ አይደለም። ግን ቤት የሚኖረው ከውስጥ ነው። ከተቀባው ግድግዳ ጀርባ መስኮቱን ዘግታ መተኛት ያቃታት እናት ካለች፣ ለእሷ ከተማዋ ገና አልታደሰችም።

ሌሊት ንፋስ ሲነሳ ያ ሽቦ ይንቋቋል። ተከራይዋ ትሰማዋለች። አከራይዋ ሌላ ሰፈር ስለሆነች አትሰማም። ሠራተኛውም ወደ ሌላ ሙሉ መስኮት ሄዷል። የሚቀጥለው ውል ከመፈረሙ በፊት አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ ያን እጀታ ይሞክረው።