ቅዳሜ ንጋት ላይ የት ነው የምትጠፋው?

«የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ከእጮኛዬ ጋር ሦስት ዓመት ቆይተናል። ከጥቅምት ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ ቢሾፍቱ እወርዳለሁ። የምሄደው ወፍ ለማየት ነው! ትስቅብኛለች ብዬ ግን ‹ሥራ አለብኝ› ነው የምላት። ሰሞኑን ‹ሌላ ሴት ይዘሃል› ብላ ቀለበቴን ልትመልስልኝ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?»
ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

ውድ ጠያቂያችን፤

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በልጅቷ አይፈረድም። ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ፣ ጫማው ጭቃ ለብሶ፣ ፊቱ ግን በርቶ የሚመለስ ወንድ ስታይ ምን ብላ ትጠርጥር? ወፍ? መጀመሪያ ስለ ውሸቱ ይቅርታ ጠይቃት። ከዚያ የሚቀጥለው ቅዳሜ ይዘሃት ሂድ። በቃል ከምታስረዳት በዓይኗ ብታይ ይሻላል።

ስትሄዱ ግን እንዲህ አድርግ።

ጨለለቃ ጀምር። ሆራና ቢሾፍቱ ጥልቅ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው፤ ጨለለቃ ግን ዝቅ ያለ ውሃ ነው። በብርዱ ወራት ከሩሲያ የሚመጡት፣ ፈረንጆች ክሬን የሚሏቸው ግራጫ ባለረጅም እግር ወፎች እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ሲነጋ እየጮኹ ወደ እርሻው ይበራሉ። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ድረሱ። ታዲያ ሐይቁ የሚሸሽበት ጊዜ አለና ውሃ መያዙን ቀድመህ የአካባቢውን ሰው ጠይቅ።

ብርቅዬውን እንዳትምልላት። ፌሩጂነስ የሚባለው ዳክዬ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣ፣ በዓለም ላይ ቁጥሩ እየሳሳ ያለ እንግዳ ነው። መልኩ የዛገ ብረት ይመስላል፤ ከጅራቱ ስር ነጭ ነው፤ የወንዱ ዓይንም ነጭ ነው። አንዳንዱ ጠዋት ጨርሶ አይታይም። «ዛሬ አሳይሻለሁ» ብለህ ካልታየ ሌላ ውሸት ሆነብህ ማለት ነው!

«የመስቀል ወፍስ ከየት ነው የሚመጣው?» ብላ መጠየቋ አይቀርም። በዚህ ስም ከሚጠሩት ወፎች ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸው በላት። ወንዱ ሌላ ጊዜ እንደ ሴቷ ቡናማ ሆኖ ይከርምና፣ በመራቢያው ወቅት ደማቅ ላባ ሲያወጣ ነው ዓይናችን የሚገባው።

ባይናኩላሩን ለእሷ ስጣት። አንተ ያለሱም ታውቃቸዋለህ። የእያንዳንዱን ወፍ ስም እየዘረዘርክ አታሰልቻት። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ። ሹራብና በፔርሙስ ሻይ ያዙ፤ የጥቅምት ንጋት ብርዱ አይቻልም። ከተማው የአየር ኃይል መቀመጫ ስለሆነ ባይናኩላሩን ወደዚያ ግቢ እንዳታዞሩ። ከመስቀል በኋላ ደግሞ ሆራ ላይ ኢሬቻ የሚከበርበት እሁድ አለ፤ በዓሉን ማየት ከፈለጋችሁ መልካም፣ ለወፍ ግን ሌላ ቀን ምረጡ።

ብትስቅስ? ትሳቅ! ስቃ ሁለተኛ ቅዳሜ ከመጣች ነገሩ አልቋል። «እኔ ብርድ አልችልም፣ አንተ ሂድ» ካለችም ጥሩ ነው፤ ቢያንስ የት እንዳለህ አውቃ ትተኛለች። እውነቱን አይታም ካላመነችህ ግን ችግራችሁ ከወፍ በላይ ነውና ስለ ሠርግ ከማውራታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።

መልካም ቅዳሜ!