ንፋሱ የአዳማ፣ ታሪፉ የማን?

በአዳማ ኮረብቶች ላይ 136 ተርባይኖች ቆመዋል፤ አቅማቸው ተደምሮ 204 ሜጋ ዋት። ንፋሱ በነፃ ነው፣ የቻይና ብድሩ ግን በውጭ ምንዛሪ። ብር ሲወድቅ ዕዳው ያብጣል። እሺ፣ ይሄ ይገባኛል።

የማይገባኝ ሌላ ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ሲወሰን፣ የሞጆ ወፍጮ ቤት ድምፁን የሰጠው ለማን ነው? በአዋጅ 810/2006 ባለሥልጣኑ ታሪፉን መርምሮ ያቀርባል፣ መንግሥት ያፀድቃል። ሹመኛ ለሹመኛ!

በአሜሪካዋ ጆርጂያ ተቆጣጣሪዎቹን የሚመርጠው ሕዝብ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. በመብራት ሒሳብ የተማረሩ መራጮች ሁለቱን ከወንበር አነሷቸው።

«ተመራጭ ለጭብጨባ ብሎ ታሪፉን ቢያግድስ?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ በኪሳራ የሚሸጥ መብራት አዲስ ተርባይን አያስተክልም። ቢሆንም ሒሳቡን ይዞ አዳማ ይምጣና ድምፄን ይለምነኝ።