ለማገዶ የሸጥነው ጊታር

ስልካችሁ ላይ የጊታር አሠራር ቪዲዮ የምታዩ ካላችሁ ነገሬ ይገባችኋል። ሰውየው ሳንቃውን በመጋዝ ለሁለት ይሰነጥቀዋል፣ እንደ መጽሐፍ ይገልጠውና ጎን ለጎን ያጋጥመዋል። ከዚያ ትንሽ ዘይት ጠብ ሲያደርግበት እንጨቱ ንፋስ የነካው ሐይቅ ይመስላል። እጃችን ሳያስፈቅደን ላይክ ይጫናል። ኮሜንቱ ውስጥ ደግሞ አንድ አበሻ አይጠፋም፦ "እኛ አገር እንዲህ ያለ እንጨት ከየት ይመጣል?"

ከካዛንቺስ ይመጣ ነበር።

በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ የአክስቴም ቤት ፈረሰ። የፈረሰ ቤት ዕቃ የሚገዙ ልጆች መጡ። ቆርቆሮውን አንድ በአንድ ቆጠሩት፤ ብረቱን መዘኑት። እንጨቱን ግን የቆጠረው የለም። የጥድ ምሰሶው፣ ወጋግራው፣ የዋንዛ በሩ ሁሉ "ማገዶ ነው" ተብሎ በግምት ተሸጠ። እኔም ጊታር እወዳለሁ የምለው ሰውዬ ቆሜ አሳጭናለሁ! የቀረን አንድ የበር ሳንቃ ብቻ ነው፤ እሱም አክስቴ በረንዳ ላይ መቀመጫ አደርገዋለሁ ብላ ስለያዘችው።

ከወራት በኋላ አንድ የማውቀው አናጢ ቡናማውን ቀለም ጥግ ላይ በመላጊያ ላጥ አደረገው። ከሥሩ ወርቃማ እንጨት ወጣ፤ ቅርንጫፍ የወጣበት ቦታ ላይ ደግሞ መስመሩ ተጠማዝዞ ያ ቪዲዮ ላይ የማየው ሞገድ ቁጭ። ሁለታችንም ዝም አልን። የተጫነው መኪና ትዝ አለኝ።

አንድ ነገር እናጥራ። በኤሌክትሪክ ጊታር የክሩን ንቅናቄ ወደ ድምፅ የሚለውጠው ፒካፑ ነው፤ ማግኔትና በዙሪያው የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ። እንጨቱ ድምፁ ላይ ምን ያህል ይጨምራል በሚለው ጊታሪስቶች እስከ ዛሬ ይጨቃጨቃሉ። ስለ ሞገዱና ስለ ነበልባሉ ግን ብዙም ክርክር የለም፣ ለዓይን ነው። ለዓይን መሆኑን አልንቅም። በእጅህ ይዘህ የምትውለው ዕቃ ቢያምር ምን አለበት? ግን "ብርቅ እንጨት" የምንለው ለማን ብርቅ እንደሆነ መጠየቅ አለብን። ለአሜሪካዊ ጊታር ሠሪ ብርቁ የእኛ ዋንዛና ወይራ ነው። እሱ የሚያስልከውን እኛ እንጀራ እንጋግርበታለን።

ትልልቆቹ ጊታሮች ራሳቸው ከብርቅ እንጨት አልተነሱም። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተጠቀመው አሽና አልደር የተባሉትን፣ በአገሩ በቀላሉ የሚገኙትን እንጨቶች ነው። የኩዊኑ ብራያን ሜይ እ.ኤ.አ. በ1963 ከአባቱ ጋር ጊታሩን መሥራት ሲጀምር ገና ተማሪ ነበር። አንገቱን የሠራው ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ካለው የእሳት ምድጃ ሳንቃ ነው፤ ነቀዝ የበሳበትን ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ደፈነው። ያንኑ ጊታር ይዞ እ.ኤ.አ. በ2002 የእንግሊዝ ንግሥት ቤተ መንግሥት ጣሪያ ላይ ወጥቶ ተጫወተ። ኒውዮርክ ውስጥ ደግሞ ሪክ ኬሊ የሚባል ጊታር ሠሪ አለ፤ ከተማው ውስጥ ከፈረሱ አሮጌ ሕንፃዎች የወጣ ወራጅ እየለቀመ ጊታር ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ዘጋቢ ፊልም ተሠርቶበታል። ሰዎቹ የሚወዱለት እንጨቱ አሮጌ ስለሆነ ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት እርጥበቱ ሲወጣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ሃምሳ ዓመት ቤት ተሸክሞ የቆመ ምሰሶ ግን መጣመሙን ጨርሷል።

እኛ ጋ ሌላም ምክንያት አለ። ዋንዛ ከጫካ ቁረጡ እያልኩ አይደለም። በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ ዛፎቹ ያኔም እያለቁ ነበርና። ስለዚህ ዛሬ ያለ ጸጸት የምንሠራበት ዋንዛ አያቶቻችን ቆርጠው በር ያደረጉት ነው። እሱን አንድ ጊዜ ካነደድነው ሌላ የለንም።

ካዛንቺስ ደግሞ ለሙዚቃ እንግዳ ሰፈር አልነበረም። ፈንድቃን የመሳሰሉ የአዝማሪ ቤቶች የነበሩበት ነው፤ ከጎኑ ባለው ሂልተን ዋልያስ ባንድ ዓመታት ተጫውቷል። ጊታር ከቅኝታችን ጋር ከተዋወቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። እንጨቱ ግን አሁንም የሰው አገር ነው። ከበሮን ከዋንዛ ስንፈለፍል የኖርን ሰዎች ጊታር ላይ ስንደርስ ለምን እንደምንፈራ አይገባኝም።

በርግጥ ርካሽ አይደለም። ፒካፑ፣ መቃኛው፣ ፍሬቱ ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋው ያስደነግጣል። የእኔ በአንድ ዘመድ ሻንጣ ነው የገባው። አሮጌው ሳንቃ ውስጥም የተደበቀ ምስማር አለ፤ የአናጢውን መጋዝ ሁለት ጊዜ አበላሽቶበታል፤ የሰማሁትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም።

"ሰው ቤቱን አጥቶ አንተ ስለ ጊታር ታወራለህ?" የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፤ ጊታር ቤት አይሆንም። አክስቴን ሳንቃውን እንድትሰጠኝ ስለምናት የጠየቀችኝም ይህንኑ ነው፦ "በሬን ልትበሳው ነው?" ሰጠችኝ፤ ግን የቁልፉን ቀዳዳ እንዳልደፍነው አስማለችኝ። የድምፅ መቆጣጠሪያው እዚያው ላይ ይገባል፤ መጠኑ ገጥሟል። በመጫኛው ቀን አንድ ሰው "ጥዱንና ዋንዛውን ለብቻ አድርጉት" ቢለን ኖሮ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። ቀጥሎ በሚፈርሰው ሰፈር የማፍረስ ሥራውን የሚመራው አካል ይህን ይበል፤ የሚነሳው ቤተሰብም እንጨቱን እንደ ቆርቆሮው ቆጥሮ ይሽጥ። ሙያ ማሠልጠኛ ያሉ የእንጨት ሥራ ተማሪዎች ገዢ ይሆናሉ፤ እኔም እገዛለሁ።

አካሉ አልቋል። የቀረኝ ፍሬት የሚተከልበት ሰሌዳ ነው፤ ግማሽ ሜትር የማይሞላ፣ ጠንካራና የደረቀ ወይራ። ባለፈው ሳምንት አንድ ማገዶ መሸጫ ሄጄ ከአሮጌ ቤት የወጣ የወይራ ምሰሶ እንዳለ ጠየቅሁ። ሴትዮዋ ለጋን ማጠኛ መስሏት "ስንት እሥር ልስጥህ?" አለችኝ። እንዳለ፣ ሳይፈለጥ ነው የምፈልገው አልኳት።

"ውይ፣ ትናንት ነበር" አለች። "ሁሉንም ፈለጥነው።"